የዓሣን ትኩስነት በቀለም የሚያሳይ የናኖ ክር ምልክት እንዴት እንደሚሠራ

ዓሣ መበላሸት ሲጀምር ትራይሜቲላሚንና አሞኒያን የመሳሰሉ ጋዞች ይለቃል። ከእነዚህ ጋዞች ጋር ሲገናኝ ቀለሙን የሚቀይር ስስ ጨርቅ ማሸጊያው ውስጥ ካለ፣ ገዢው ሳይከፍተው ሁኔታውን ያውቃል። ጨርቁ ከናኖ ክር የሚሠራው ክሮቹ እጅግ ቀጫጭን በመሆናቸው ጋዙን የሚቀበል ሰፊ ገጽ ስላላቸው ነው።

በመጀመሪያ ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፈው በኢታኖልና በውሃ ቅልቅል ውስጥ ጨለማ ቦታ ያሳድሩ፤ ከዚያ ያጥልሉት። በውስጡ ያለው አንቶሲያኒን የተባለው ቀለም በአሲድ ቀይ፣ በገለልተኛ አካባቢ ሐምራዊ፣ እንደ አሞኒያ ባለ የአሲድ ተቃራኒ (አልካላይን) ደግሞ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሆናል። ቀጥሎ ክሩ የሚሠራበትን፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ፖሊመር፣ 10 ግራም ፖሊቪኒል አልኮሆል በ90 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እያማሰሉ ያሟሙ። ሙቀት አንቶሲያኒንን ስለሚጎዳ ቀለሙ የሚጨመረው ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ዋናው ፈተና ክሩን በኤሌክትሪክ ኃይል መፍተል ነው። ፈሳሹን በሲሪንጅ ሞልተው ከመርፌው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በአሉሚኒየም ፎይል የተሸፈነ ሳህን ያቁሙ፤ በመርፌውና በሳህኑ መካከል ከ15 እስከ 20 ኪሎ ቮልት ይስጡ፤ ፍሰቱን በሰዓት ግማሽ ሚሊ ሊትር ያድርጉት። ከዚያ ዓይንዎ ከመርፌው ጫፍ አይነሳ። ጠብታው ሾጣጣ ቅርጽ ይዞ ከጫፉ አንድ ቀጭን ክር ብቻ መውጣት አለበት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክሩ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ዶቃ ካለው ፈሳሹ ቀጥኗል፤ ብዙዎች ቮልቴጁን ለመጨመር ይቸኩላሉ፣ መጨመር ያለበት ግን ፖሊመሩ ነው። ክሮቹ እርስ በርስ ከተጣበቁ ውሃው ሳይተን ደርሰዋል ማለት ነውና የክፍሉን እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ያውርዱ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይቀይሩ፤ አለበለዚያ ያስተካከለው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በሳህኑ ፈንታ የሚሽከረከር የክር መሰብሰቢያም ለጀማሪ አያስፈልግም። ኃይሉን ሳያጠፉና መሣሪያውን ከመሬት ሽቦ ጋር ሳያገናኙ መርፌውን ፈጽሞ አይንኩ።

ይህ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ለማጠንከር በግሉታራልዲሃይድ መንከር የተለመደ ቢሆንም፣ መርዛማ ነገር ወደ ምግብ ማስጠጋትን አልደግፍም። በምትኩ ለማጠንከሪያ የሚታሰበው ሲትሪክ አሲድም አሲድ በመሆኑ ቀለሙን ከመነሻው ያቀላዋል። ጋዝ በሚያሳልፍ፣ ውሃ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ከልሎ ዓሣውን ሳይነካ ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ መለጠፍ ይሻላል።

በአሞኒያ ጠርሙስ ላይ ቀለሙ መቀየሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ምልክቱን ከእውነተኛ ዓሣ ጋር ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ብርሃን ፎቶግራፍ እያነሡ የባክቴሪያውን ብዛት ያስለኩ። ዓሣ የሌለበት ተመሳሳይ ማሸጊያም ጎን ለጎን ይኑር፤ አንቶሲያኒን በብርሃንና በጊዜ ብዛት በራሱም ይደበዝዛልና። በዚህ መንገድ የተገኘው የቀለም መለኪያ ለተፈተነው የዓሣ ዓይነት ብቻ ያገለግላል፤ ለዶሮ ሥጋ ሙከራው እንደ አዲስ ይጀመራል።