ፋይሉ ፎልደር ውስጥ ስላለ ወርዷል ማለት አይደለም

አንድ ጊዜ ከአንድ ድረ ገጽ ላይ 300 ገደማ ፒዲኤፎች ማውረድ ነበረብኝ። አንድ በአንድ መጫኑ ስለሰለቸኝ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ስክሪፕት (ሥራውን በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ጽፌ ማታ አስነሳሁትና ተኛሁ። ጠዋት ፎልደሩ ሞልቷል፤ ግን አንዱም አይከፈትም። ሁሉም እኩል መጠን አላቸው፣ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ። በኖትፓድ ስከፍታቸው ውስጣቸው ያለው የድረ ገጹ መግቢያ ነው፣ ስምና የይለፍ ቃል አስገቡ የሚለው። ሌሊቱም ፓኬጁም ባከነ። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። የማወራው ሪኩዌስትስ ስለሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ነው (ከኢንተርኔት ገጽና ፋይል የሚያመጣ ዝግጁ ኮድ)፣ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው እሱን ስለሆነ።

ዋናው ስህተት የመጣውን ሳያዩ ማስቀመጥ ነው። ፋይሉ ከሌለ ሰርቨሩ (ፋይሉን የሚልክላችሁ የድረ ገጹ ኮምፒውተር) 404 ይላል፣ ካልፈቀደላችሁ 403። ሪኩዌስትስ ግን በራሱ አይቆምም፤ የስህተት ገጹን ተቀብሎ ይሰጣችኋል፣ እናንተም ፒዲኤፍ ብላችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ስታተስ ኮዱን፣ ማለትም ይህን ሰርቨሩ የሚመልሰውን ቁጥር፣ እዩ። እሱም ብቻውን አይበቃም። እኔን የገጠመኝ ገጽ 200 ብሎ ነው የመጣው፣ ሁሉም ሰላም ነው እንደማለት። የፋይሉን የመጀመሪያ አራት ባይትም ተመልከቱ፦ ፒዲኤፍ ከሆነ በፐርሰንት ምልክትና ፒ፣ ዲ፣ ኤፍ በሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምራል። ሁለት መስመር ኮድ ቢሆን ነው።

ሌላው ታይምአውት፣ ማለትም የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ፣ አለመስጠት ነው። ካልነገራችሁት ሪኩዌስትስ ሰርቨሩን ያለ ገደብ ይጠብቃል። ኔትወርኩ መሃል ላይ ዝም ካለ ስክሪፕቱም እዚያው ደርቆ ይቀራል፣ ስህተት እንኳ አያሳይም። ለግንኙነቱ 10፣ ለመልሱ 30 ሴኮንድ ስጡት። 30ው ለሙሉ ፋይሉ አይደለም፣ ምንም ዳታ ሳይመጣ ለሚያልፈው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ኔቴ ቀርፋፋ ነው ብላችሁ አትፍሩ፣ እየተንጠባጠበም ቢሆን እስከመጣ ድረስ አይቋረጥም።

ለእኛ አገር ሰው ከሁሉም የሚብሰው ግን ፋይሉን ገና ሲጀምር በመጨረሻው ስሙ መጻፍ ነው። 700 ሜጋባይት እያወረዳችሁ 400 ላይ መብራት ሄደ እንበል። ዲስኩ ላይ ትክክለኛ ስም ያለው ግማሽ ፋይል ተቀምጧል። ስክሪፕታችሁ ደግሞ "ፋይሉ ካለ እለፈው" የሚል ከሆነ፣ መብራት ሲመጣ ያንን ግማሽ ፋይል እንደ ሙሉ ቆጥሮ ያልፈዋል፣ እናንተም የምታውቁት ከወራት በኋላ ፋይሉን ስትፈልጉት ነው። እየወረደ ሳለ ስሙ መጨረሻ ላይ "ፓርት" የሚል ቅጥያ ይኑረው፤ ሙሉ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ስሙ ይቀየር። ለማረጋገጥ፣ ሰርቨሩ ኮንተንት ሌንግዝ በሚባለው ሄደር (ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚላክ አጭር መረጃ) ከነገራችሁ መጠን ጋር አወዳድሩት። ድረ ገጹ የፋይሉን ሻ 256 (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ እንደ ጣት አሻራ ያለ ኮድ) ካወጣ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለም።

ካቆመበት መቀጠልም ይቻላል፣ ከየትኛው ባይት ጀምሮ እንዲላክላችሁ ሰርቨሩን በምትጠይቁበት ሬንጅ በሚባለው ሄደር። ልብ በሉ፦ ሰርቨሩ ከተስማማ 206 ይመልሳል፣ ካልተስማማ 200 ብሎ ከዜሮ ይልካል። ይህን ሳታዩ ከቀጠላችሁበት ግማሹ ላይ ሙሉው ተለጥፎ የማይከፈት ፋይል ይሆናል።

ትልቅ ፋይል ሲሆን "ስትሪም" የሚለውን ማብራት አትርሱ፣ በትንሽ በትንሹም ጻፉት። አለዚያ ሪኩዌስትስ ሙሉውን መጀመሪያ ሚሞሪ ላይ ይሰበስባል፤ 3 ጊጋባይት ቪዲዮ ከሆነ 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ቀጥ ይላል።

የአማርኛ ስም ያላቸው ፋይሎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አንድ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት የተለመደ ዘዴ) ሦስት ባይት ይይዛል። ሊንክ ውስጥ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንትና በሁለት ተጨማሪ ምልክቶች ስለሚጻፍ አንዷ "ሀ" ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ 255 ባይት ነው፤ ስሙን ከሊንኩ እንዳለ ከወሰዳችሁት ቢበዛ 28 ፊደል ይይዛል፣ አንኮት በሚባለው የፓይተን ፈንክሽን ወደ አማርኛ ከመለሳችሁት ግን 85 ይደርሳል።

ሰርቨሩንም አታጣድፉት። በፋይሎቹ መሃል አንድ ሁለት ሴኮንድ ቆም በሉ። 429 ከመጣ ሰርቨሩ "በዛብኝ" ማለቱ ነው፤ ሪትራይ አፍተር የሚል ሄደር አብሮ ከመጣ የሚለውን ያህል ጠብቃችሁ ቀጥሉ።