ሆስፒታል አልጋ ላይ ለሆናችሁ፦ ሶላት ተኝቶም ይሰገዳል

ጅማ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ያላችሁ ይቺን ንገሩልኝ። መቆም ያቃተው ቁጭ ብሎ፣ መቀመጥም ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል፤ ሩኩዕና ሱጁዱን (ማጎንበሱንና በግንባር መደፋቱን) በጭንቅላቱ ምልክት ያደርጋል፣ ለሱጁዱ ይበልጥ ዝቅ አድርጎ። ቂብላው (ለሶላት የሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ) ከጅማ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ አልጋውን ማዞር ካልተቻለ ባለበት ይስገድ። ውሃ የሚጎዳው ተየሙም (በውሃ ፋንታ በንጹህ አፈር መንጻት) ያድርግ፤ ንጹህ አፈር በፌስታል አምጡለት (ነርሷ እንዳትቆጣ እንዳይበተን ቋጥሩት)። መድኃኒቱም በሰዓቱ ይወሰድ፣ ዱዓ ተደረገ ተብሎ አይዘለልም።

ሌሊት፣ ጠያቂ ሁሉ ሄዶ ሕመሙ ሲበረታ ደግሞ፣ እጅን የሚያመው ቦታ ላይ አድርጎ 3 ጊዜ «ቢስሚላህ»፣ ቀጥሎ 7 ጊዜ «አዑዙ ቢላሂ ወቁድረቲሂ ሚን ሸሪ ማ አጂዱ ወኡሓዚር» (ከሚሰማኝና ከምፈራው ክፉ ነገር በአላህና በችሎታው እጠበቃለሁ) ማለት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈ ነው። ቀስ ብሎ ይባል፤ ለእኔ የሚያረጋጋኝ እሱ ነው።