ልጅ ሽፍታ ሲያወጣ እንቁላሉን ከመከልከላችሁ በፊት

የምሠራው የልጆች ክሊኒክ ውስጥ ነው። «ዶክተር፣ የበላው ነገር አለርጂ ሆነበት መሰለኝ» የሚለውን ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። አንዳንዴ እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። የሚያሳዝነው አለርጂ ያልሆነው ልጅ ምግብ ሲከለከል፣ አለርጂ የሆነው ደግሞ ሽሮፕ ተሰጥቶት እንዲተኛ መደረጉ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ርዕሶች ደጋግመን የምናያቸው ስሕተቶች ናቸው።

ሰዓቱን አለማየት

የምግብ አለርጂ ሽፍታ ቶሎ ይመጣል። ልጁ በበላ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይወጣል። ቆዳው ሳማ እንደነካው ያብጣል፣ በጣም ያሳክካል፣ ከአንዱ ቦታ ሲጠፋ በሌላው ይወጣል። አንዱ እብጠት ብዙውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ አንድ ቦታ ላይ አይቆይም። ስለዚህ ጠዋት ያያችሁትን እብጠት ዙሪያውን በእስክሪብቶ አክብቡት። በማግስቱ እዚያው ካለ ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

ከጉንፋን ጋር መጥቶ ለቀናት እየጠፋ የሚመለስ ተመሳሳይ ሽፍታም አለ። የእሱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። የላም ወተት የማይስማማቸው ጨቅላዎች ላይ ዘግይቶ የሚመጣ ዓይነትም አለ። እሱ ግን ይበልጥ የሚታየው በሆድ በኩል ነው፤ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ሰገራ ላይ ደም።

እስኪቀላ መጠበቅ

ስልክ ላይ ፈልጋችሁ የምታገኙት ፎቶ አብዛኛው ነጭ ቆዳ ላይ የተነሣ ነው። የእኛ ልጆች ቆዳ እንደዚያ አይቀላም። ሽፍታው ከአካባቢው ጠቆር ይላል ወይም ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። አንዳንዴ ቀለሙ ጭራሽ አይለወጥም፣ እብጠቱ ብቻ ነው የሚኖረው። «አልቀላም» ብላችሁ አትለፉት። መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ ከጎን በሚመጣ ብርሃን እዩት፣ በመዳፋችሁም ዳብሱት። ከንፈሩንና የዓይኑን ቆብ አትርሱ፤ እብጠት ቶሎ የሚታየው እዚያ ነው።

ምግብ በምግብ ላይ መከልከል

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ መጣልን። እግሩ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ነበረበት። መጀመሪያ እንቁላል ተከለከለ። ሽፍታው አልጠፋም። ቀጥሎ ወተት ተከለከለ፣ ከዚያ ሽሮ፣ ከዚያ ቲማቲም። እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚበላው ዳቦ በሻይና ድንች ብቻ ነበር። ሚዛን ላይ ስናወጣው ክብደቱ ከወራት በፊት ከነበረው ቀንሷል።

ልብሱን አወለቅነው። ነጠብጣቦቹ ያሉት ከጉልበት በታች፣ ክንዱ ላይና የሱሪው ላስቲክ ወገቡን የሚይዝበት ቦታ ላይ ነው። ሦስት ሦስት ሆነው ተሰልፈዋል። እያንዳንዳቸው መሃል ላይ ጥቃቅን የንክሻ ነጥብ አለ። ዳይፐሩ ሥር ግን አንድም የለም። የቁንጫ ሥራ ነበር። ከምግብ የመጣ ሽፍታ ዳይፐር የሸፈነውን ቦታ ለይቶ አይተውም። ፍራሹ ፀሐይ ላይ ወጣ፣ አንሶላው በሙቅ ውሃ ታጠበ፣ እንቁላሉም ወደ ገበታው ተመለሰ።

እባካችሁ፣ እንቁላልና ወተት እያደገ ላለ ልጅ ትርፍ ነገር አይደሉም። ሽፍታ ባያችሁ ቁጥር አንድ ምግብ ከቀነሳችሁ ልጁ በምን ይደግ? ችፌ ያለበትም ልጅ ላይ ይኸው ነው የሚደረገው። ጉንጩ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ወተት ይቀራል፤ ጡት የምታጠባው እናት እንኳ ራሷ እንቁላል ታቆማለች። የአብዛኛው ልጅ ችፌ ዋና ችግር ቆዳው እርጥበት መያዝ አለመቻሉ ነው። የሚያስፈልገው በቀን ደጋግሞ፣ በተለይ ገላው ከታጠበ በኋላ ወዲያው፣ ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት መቀባት ነው። ቫዝሊን ይበቃል። አደጋም አለው፦ ችፌ ያለበት ልጅ ይስማማው የነበረውን ምግብ ለረጅም ጊዜ ከተከለከለ በኋላ ድንገት ሲሰጠው ከባድ አለርጂ ሊነሣበት ይችላል።

ሽሮፕ ሰጥቶ ማስተኛት

ልጁ ላይ ሽፍታ ብቻ ካለ፣ እየተጫወተና በደንብ እየተነፈሰ ከሆነ፣ የታዘዘለትን የአለርጂ ሽሮፕ ሰጥቶ በቅርብ መከታተል ይቻላል። ነገር ግን ድምፁ ከጎረነነ፣ ድንገት መሳል ከጀመረ፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ፣ ምላሱ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ከዛለ ሽሮፑን ተዉት። ሽሮፕ ማሳከክ ያስታግሳል እንጂ የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። የሚያድነው አድሬናሊን ነው፤ ጭን ላይ በውጭ በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል።

እዚህ አገር መርፌው ቤቱ ያለው ቤተሰብ ብርቅ ነው። ስለዚህ በጣም ወደሚቀርባችሁ ጤና ተቋም ሂዱ። ታዋቂ ሆስፒታል ፍለጋ ከተማ አታቋርጡ። ልጁን በእግሩ አታስኬዱት፤ አጋድሙት። መተንፈስ ካቃተው ግን ይቀመጥ። ከተሻለውም በኋላ ለሰዓታት እዚያው መቆየት አለበት፤ ሕመሙ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። አሜሪካም ሆነ እስራኤል ያላችሁ፣ ለልጁ ኢፒፔን (ቤት ውስጥ የሚወጋ የተዘጋጀ የአድሬናሊን መርፌ) ከታዘዘለት መርፌው ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ልጁ ባለበት ይሁን። ሞግዚቷም አጠቃቀሙን ትወቅ።

ሌላም አለ። ፕሮሜታዚን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ትንፋሹን ሊያቆም ይችላል። ለታላቁ ልጅ የታዘዘውን ለታናሹ ማካፈል የለመዳችሁ ይህን ልብ በሉ።

ሌላውን ሽፍታ ሁሉ አለርጂ ማለት

ቲማቲም፣ ብርቱካን ወይም በርበሬ የነካው አፍ ዙሪያው ብቻ ቢቆጣ ታጥቦ የሚያልፍ መለብለብ ነው። ሌሊት የሚብስ፣ ጣቶች መሃል የሚወጣ፣ ሌላም የቤት ሰው የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ነው፤ መላው ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ይታከማል። ትኩሳት፣ ሳልና የቀላ ዓይን ቀድመው፣ ሽፍታው ከፊትና ከጆሮ ጀርባ ጀምሮ ወደ ታች ከወረደ ኩፍኝ ሊሆን ስለሚችል ቤት አታቆዩት። በብርጭቆ ስትጫኑት የማይጠፋ ነጠብጣብ ከትኩሳት ጋር ካያችሁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

ሳይመረመር ዳማከሴ አትሹበት። ከፋርማሲ በቃል የሚገዛ ስቴሮይድ ያለበት ቅባትም አትቀቡት፤ ጭርት ከሆነ ያባብሰዋል፣ እኛም ስናየው መልኩ ተለውጦ ይጠብቀናል።

በመጀመሪያው ገንፎ አሥር ዓይነት እህል

ምጥን ጥሩ ምግብ ነው። ግን ገብስ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥና አብሽ በአንድ ቀን ለስድስት ወር ሕፃን ከተሰጡ፣ ሽፍታ ቢወጣ የትኛውን ልንጠረጥር ነው? አንድ በአንድ አስጀምሩት፣ በጠዋት፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ልጁ ጤነኛ በሆነበት ቀን። ምጥኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለውዝና እንቁላልን ፈርቶ ለዓመታት ማቆየትም አይጠቅም። ተመራማሪዎች እስራኤል ውስጥ ሕፃናት የለውዝ ብስኩት ቶሎ ስለሚጀምሩ የለውዝ አለርጂ እንግሊዝ ካሉት አይሁድ ልጆች በጣም ያነሰ መሆኑን አይተው ነበር። ከዚያ እንግሊዝ ውስጥ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ባለባቸው 640 ሕፃናት ላይ ጥናት ተደረገ፤ ውጤቱም በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። ለውዝ ቶሎ የጀመሩት ልጆች አምስት ዓመት ሲሞላቸው የለውዝ አለርጂ ከተከለከሉት በአራት አምስተኛ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ችፌ ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ ግን ለውዝ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይየው። ለውዙም ተፈጭቶ ገንፎ ውስጥ ይግባ፤ ፍሬው ሕፃን ያንቃል።

አንዴ የተከለከለውን ለዘለዓለም መከልከል

አለርጂው በእርግጥ የወተት ወይም የእንቁላል ቢሆን እንኳ አብዛኞቹ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። የለውዝ ግን ብዙውን ጊዜ ይቆያል። የደም ምርመራ «ፖዘቲቭ» ስላለ ብቻ ልጁ አለርጂ አለበት ማለት አይደለም፤ ምርመራው ትርጉም የሚኖረው ልጁ በልቶ ከሆነው ነገር ጋር ሲገጥም ነው። በየጊዜው አምጡትና እንየው። ምግቡን እንደገና ማስቀመስ ጊዜው ሲደርስ፣ አድሬናሊን በተዘጋጀበት ክፍል፣ ሐኪም ባለበት እናስቀምሰዋለን።