ቅጠሉ ለምን ተሰነጠቀ? መስታወት አቅልጦ ማጣበቅ ለሚያስተምሩ፣ ችግርና መፍትሄ

ተማሪዎች ቅጠል፣ ዓሣ፣ ቢራቢሮ በመስታወት ሲሠሩ ማየት በጣም ደስ ይላል። ማታ ደርድረውት የሄዱትን ጠዋት ተሰንጥቆ ሲያገኙት ደግሞ ፊታቸውን ማየት ይከብዳል። መቁረጥ፣ ማጠብ፣ የዓይን መከላከያ ማድረግና ምድጃውን ፕሮግራም ማድረግ ታውቃላችሁ ብዬ ልነሳ። በብዛት ከሚገጥመኝ እጀምራለሁ።

ሥራው ተሰንጥቆ ወጣ

ቶሎ አትጣሉት። መጀመሪያ የስንጥቁን ጠርዝ ተመልከቱ።

ጠርዙ ለስልሶ ክብ ከሆነ የተሰነጠቀው ሲሞቅ ነው። ቀድሞ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ሙቀቱ ጨምሮ ጠርዙን አቀለጠው ማለት ነው። ምክንያቱ ችኮላ ነው። ባለ 3 ሚሊ ሜትር መስታወት ሁለት ድርብ ከሆነ እስከ 540 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ በሰዓት 150 ዲግሪ ገደማ እያላችሁ ውጡ። ከ540 ካለፈ በኋላ መፍጠን ይቻላል።

ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለታም ከሆነ የተሰነጠቀው ሲበርድ ወይም ከበረደ በኋላ ነው። አሁን መስመሩን በዓይናችሁ ተከተሉት። ሥራውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ጫፉ ላይ ከታጠፈ፣ መስታወቱ ሲበርድ በቂ እረፍት አላገኘም፤ እረፍት ማለት ውጥረቱ እንዲላቀቅ በአንድ ሙቀት ላይ ማቆየት ነው። 90 ተብሎ የሚሸጠው መስታወት (ቁጥሩን ከታች አብራራለሁ) በ482 ዲግሪ፣ 96 የሚባለው ደግሞ በ510 ገደማ ይረፍ። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1 ሰዓት ስጡት። ከዚያም እስከ 370 ድረስ በሰዓት ከ80 ዲግሪ በላይ አታውርዱት። አንዱ ቦታ ወፍራም፣ ሌላው ስስ የሆነ ሥራ ከዚህም የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

መስመሩ ቅጠሉን ወይም ክንፉን ዙሪያውን ተከትሎ ከሄደ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የማይስማሙ መስታወቶች ተደባልቀዋል። እኔ ጋ ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው።

መስታወት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይኮማተራል። 90 እና 96 የሚሉት ቁጥሮች የሚነግሩን ምን ያህል እንደሚሰፋ ነው። ቀልጠው ሳሉ ሁለቱም እንደ ማር ስለሆኑ አይጣሉም። ሲጠነክሩ ግን አንዱ ከሌላው አብልጦ መሰብሰብ ይፈልጋል፤ የተጣበቀው ጓደኛው ደግሞ አይለቀውም። ስለዚህ አንዳቸው ይሰነጠቃሉ። የመስኮት መስታወት ከሁለቱም ያነሰ ይሰፋል። ጠርሙስ ደግሞ እንደየፋብሪካው ይለያያል፤ ሁለት ጠርሙሶች አረንጓዴ ስለሆኑ ብቻ ዘመድ አይደሉም።

አንዲት ተማሪ አራት ክንፍ ያላት ቢራቢሮ ሠራች። ሦስቱ ክንፎች አምረው ወጡ። የአራተኛውን ዙሪያ ስንጥቅ እንደ ክር ከቦታል። «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ምንም አላጠፋችም። ጥፋቱ የቁርጥራጭ ሳጥኑ ነበር። ቁርጥራጩ የተለየው በቀለም እንጂ በቁጥር አልነበረም። አረንጓዴ ከአረንጓዴ ጋር ተቀምጦ ስላየች አነሳች፤ እሱም ከሌላኛው ወገን ነበር። ሳጥኑን በዚያው ቀን ባዶ አደረግሁት።

ሌላው ተማሪ የኩሬ ዳር ቄጠማ ለመሥራት ጠርሙስ ሰብሮ አመጣ። ሳላይ ገባ። ደህና ሆኖ ስለወጣ ለእናቱ ሰጣት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማንም ሳይነካው ጠረጴዛ ላይ ተሰነጠቀ። ለዚህ ነው «የኔ እኮ ደህና ወጥቷል» ሲሉኝ የማልረጋጋው። ውጥረቱ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል።

ብዙዎች መልሰው ምድጃ ውስጥ ያስገቡታል፣ ወይም የእረፍቱን ሰዓት እጥፍ ያደርጋሉ። አይረዳም! የማይስማማን መስታወት ምንም ያህል እረፍት አያስታርቀውም። ያለው መፍትሄ አስቀድሞ መለየት ነው። ሙሉው መስታወት እንደገባ ቁጥሩን በማይለቅ እስክሪብቶ ላዩ ላይ ጻፉ። በተቆረጠ ቁጥር ቁራጩም ላይ ይጻፍ። ለክፍል አንድ ዓይነት ብቻ ብትገዙ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ሁለቱንም የምትይዙ ከሆነ ሳጥኖቹ በተለያየ ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ። ምልክት የሌለው ቁራጭ ምንም ቢያምር ይጣል። ቁጥሩ ያልተጻፈበት ድቃቂ በከረጢት ሞልተው «ለሁሉም ይሆናል» የሚሉ ሻጮች አሉ። ለሁሉም የሚሆን መስታወት የለም፤ አትግዙ።

መጣል ካሳዘናችሁ ፈትኑት። ቁጥሩን ከምታውቁት ጥርት ያለ መስታወት ዘንግ ቁረጡ። ላዩ ላይ የተጠራጠራችሁትን ትንሽ ቁራጭ አድርጉ፤ ራቅ አድርጋችሁ ደግሞ ከዘንጉ ከራሱ የተቆረጠ ቁራጭ ጨምሩ። አቅልጣችሁ በደንብ አሳርፉት። ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ በሁለት የፖላራይዝድ መነጽር ሌንሶች መካከል ያዙትና ከኋላ ብርሃን አብሩ። አንዱን ሌንስ ብርሃኑ እስኪጨልም አዙሩት። በተጠራጠራችሁት ቁራጭ ዙሪያ ብርሃን ካበራ አይስማማም። የራሱ ቁራጭ ዙሪያም ካበራ ደግሞ እረፍቱ አንሷልና ፈተናው ይደገም። ለብ ያለ መስታወት ያለ ጥፋቱ ስለሚያበራ መቀዝቀዙን አረጋግጡ።

እውነተኛ ቅጠል አስገብተው ትልቅ አረፋ ወጣ

ቅጠል ያነሳ ተማሪ ሁሉ በሁለት መስታወት መሃል ሊያስገባው ይፈልጋል። እርጥብ ቅጠል ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ ቅጠሉም እየተቃጠለ ጋዝ ይለቃል። መውጫ ሲያጣ ላዩን መስታወት እንደ ጉልላት ይነፋዋል፤ አንዳንዴም ይበሳዋል። ከቅጠሉ የሚተርፈው አመድ ነው።

እኔ የማስተምረው ሌላ መንገድ ነው። ቅጠሉን መስታወቱ ላይ አስተኝታችሁ በላዩ የመስታወት ዱቄት በወንፊት ንፉ፤ ከዚያ ቅጠሉን በወረንጦ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ቅርጹ ከነጥርሱ ይቀራል። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ቅጠሉን መቅበሩን ይረሱታል። ዱቄት ሲነፋ ሁሉም የአቧራ ጭምብል ያድርግ። የፈሰሰውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ በደረቁ አትጥረጉ። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ፤ ሳንባ አይጠገንም።

ቅጠል ሳይኖር አረፋ ከበዛ በ650 ዲግሪ ገደማ 30 ደቂቃ አቆዩት። ላይኛው መስታወት ቀስ ብሎ ሲተኛ አየሩን በዳር ያስወጣዋል።

የጀምበሯና የሐይቁ ድንበር ጠቆረ

ቆሻሻ አይደለም። ብዙ ቀይ፣ ብርቱካንማና ቢጫ መስታወቶች ድኝ አለባቸው፤ የሐይቅ ሰማያዊው ብዙ ጊዜ መዳብ አለበት። ሲገናኙ ጥቁር ቡናማ መስመር ይሠራሉ። በመሃላቸው ጥርት ያለ መስታወት አስገቡ። ለዛፍ ግንድ ግን ይህ መስመር ያምራል፤ አስባችሁ ተጠቀሙበት።

ላዩ ጭጋግ ለበሰ

የጣት አሻራ፣ የመቁረጫ ዘይት፣ ወይም ከ700 እስከ 760 ዲግሪ ባለው ሙቀት ረጅም ቆይታ። በደንብ እጠቡ፣ ያንን ክልል በፍጥነት እለፉ። የተበላሸውን ስስ ጥርት ያለ ዱቄት ነፍታችሁበት እንደገና ብታቀልጡት ይድናል።

ዳሩ ተሰብስቦ እንደ መርፌ ሾለ

ነጠላ መስታወት በ800 ዲግሪ አቅልጣችኋል። የቀለጠ መስታወት ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪሆን ይሰበሰባል። ሁለት ድርብ አድርጉት። የሾለው ዳር እጅ ስለሚቆርጥ ተማሪ ሳይነካው ሙረዱት።

ከሥሩ ነጭ ቅርፊት ይዞ ወጣ

መስታወቱ እንዳይጣበቅ የምድጃው መደርደሪያ የሚቀባው ቅብ፣ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠበት በኋላ ሳይታደስ ተደግሟል። ፍቃችሁ አዲስ ቀቡ፣ በደንብ ይድረቅ።

ሲወጣ «ጠቅ» ብሎ ተሰነጠቀ

አንድ ሰው ክዳኑን ቀድሞ ከፍቷል። ምድጃው ከ60 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አይከፈት። እጅ ከመግባቱ በፊትም ኤሌክትሪኩ ይጥፋ። እኔ አሁን ክዳኑ ላይ የሚከፈትበትን ሰዓት ጽፌ እለጥፋለሁ፤ ተማሪዎቹም ሰዓቱን እያዩ አብረው ይጠብቃሉ።