የድራጎን ቦል ትዝታችሁን እንዴት ትሰበስባላችሁ? ለድሬ ልጆች

ጎኩ የሚባለው ባለ ጭራ ልጅ የሚዋጋበትን የጃፓን ታሪክ፣ ድራጎን ቦልን፣ የፈጠረው ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማ ያረፈው የካቲት 22 ቀን 2016 ነው። 68 ዓመቱ ነበር። ዓለም የሰማው ግን ከሳምንት በኋላ የካቲት 29 ነው፤ ቤተሰቡ ቀብሩን በጸጥታ ከፈጸመ በኋላ። ያን ቀን ስልኬ አላረፈም። ከከዚራ፣ ከሳቢያን፣ ከጅቡቲ፣ ከጅዳ ጻፉልኝ። ለ15 ዓመት ድምፁን ያልሰማሁት የሰፈር ልጅ ሳይቀር "አቦ ሰማህ? ጎኩን የሳለው ሰውዬ ሞተ" ብሎ ላከልኝ። ሐዘን ነበር፣ የእውነት ሐዘን። ግን ድንኳን የለ፣ ለቅሶ ቤት የለ። የት ሄደን እንቀመጥ?

ስለዚህ በየዓመቱ የካቲት 22 ተሰብስበን ትዝታችንን ለመቅዳት ወሰንን። እስካሁን ሁለት ጊዜ አድርገነዋል። የመጀመሪያው ተበላሸ፣ ሁለተኛው ተሳካ። እናንተም በሰፈራችሁ እንድታደርጉት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከቀኑ እንጀምር። የካቲት 22 የአድዋ ዋዜማ ነው። ማግስቱ በዓል ስለሆነ ሥራ የለም፣ ማምሸት ይቻላል። የእኛ ስህተት ሰዓቱ ላይ ነበር። በ2017 ቀኑ ከረመዳን መጀመሪያ ጋር ገጠመ፣ ዐቢይ ጾምም ገብቶ ነበር፣ እኛ ደግሞ ሰው ጠራን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ! ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ ግማሹ ጾመኛ አፉ ደርቋል፣ ሌላው ለማፍጠሪያ ወደ ቤቱ መሄድ አለበት። አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየንም። በሁለተኛው ዓመት ከተራዊህ በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት አደረግነው። አየሩ ነፈስ ይላል፣ ሁሉም በልቶ ጠጥቶ ተረጋግቷል። ለሁሉም የሚሆን ምግብ አቅርቡ፦ የምስር ሳምቡሳ፣ ቴምር፣ ሻይ። ወተቱን ለብቻ አስቀምጡት።

ማንን እንጥራ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁሉንም ክፍል በቃሉ የሚያውቁትን ብቻ አትጥሩ። እነሱ ከተሰበሰቡ "ጎኩና ቬጄታ ማን ይበልጣል" ብለው ሌሊቱን ይጨርሱታል። የእኛ የመጀመሪያው ዓመት እንደዚያ ነው የሄደው። ዲሽ የነበረውን ቤት ልጅ ጥሩ። አረብኛ የሚችለውንና ለሌሎቻችሁ እየተረጎመ ያሳያችሁን ልጅ ጥሩ። በደብተር ሽፋን ላይ ይስል የነበረውን፣ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ላይ ቲኬት ይቆርጥ የነበረውን፣ ከኋላ ቆማ ታይ የነበረችውን እህታችሁን ጥሩ። ከስምንት ሰው ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ አለዚያ ዝምተኞቹ ሳይናገሩ ይመሻል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤታቸውን ከፍተው ያስገቧችሁን ትልቅ ሰው ጥሩ። እኛ ሰፈር ዲሽ የነበራቸው እትዬ ናቸው፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። 14 ልጅ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጦ እናይ ነበር። እኛ ስለ ኃይሉና ስለ ፀጉሩ እናወራለን፣ እሳቸው የሚያስታውሱት ደጃፉ ላይ የተደረደረውን ጫማ ነው። የማን ሰንደል ጫማ እንደተበጠሰና በሽቦ እንደታሰረ ሳይቀር ነገሩን። እንዲህ ያለውን ትዝታ ከእኛ ውስጥ ማንም አልያዘውም።

ሰው እንደመጣ ወዲያው ወሬ አትጀምሩ። ለእያንዳንዱ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡና "ጎኩን ስልክ ሳታዩ ሳሉ፣ 10 ደቂቃ" በሉ። መሳል የማይችለውም ይሳል። እጅ አፍ የማይናገረውን ያስታውሳል። አንዱ ጭራውን ይስላል፣ አንዱ የጫማውን ማሰሪያ፣ አንዱ ደመናውን። አንድ ልጅ ፀጉሩን ሳያጠቁር ነጭ ትቶት ነበር፣ ከዚያ ወሬው ወደ ሱፐር ሳያን፣ ጎኩ ኃይሉ ሲጨምር ፀጉሩ ወርቃማ ወደሚሆንበት መልክ፣ ሄደ። ይህችን ንገሯቸው፦ በቴሌቪዥን ወርቃማ የምናየው ፀጉር በማንጋው፣ ማለትም ካርቱኑ በተነሣበት የሥዕል መጽሐፍ፣ ወረቀት ላይ ነጭ ነው። ቶሪያማ ይህን ያደረገበት አንዱ ምክንያት የጎኩን ፀጉር በየገጹ በቀለም ማጥቆር ጊዜ ስለሚፈጅ ነው። በየሳምንቱ ለመጽሔት የሚስል ሰው ነበር፣ ጊዜው ውድ ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ ፀጉር በሰማያዊ ቢክ ስንሞላ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያልቅ ነበር።

ከዚያ ጥያቄ። "የምትወደው ገጸ ባሕርይ ማን ነው?" አትበሉ፣ መልሱ አንድ ቃል ነው። ይልቅ የት ተቀምጠህ አየህ፣ ማን ቤት፣ በምን ቋንቋ፣ ማን አብሮህ ነበር፣ መብራት ሲጠፋ የት ደርሶ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። የቋንቋው ጥያቄ ድሬ ላይ ብዙ ነገር ያወጣል። አብዛኞቻችን በዲሽ በአረብኛ ነው ያየነው። አባቱ ምድር ባቡር ይሠራ የነበረ ልጅ ግን ከጅቡቲ በመጣ ካሴት በፈረንሳይኛ ነው ያየው፣ እስከ ዛሬ "ሳንጎኩ" ነው የሚለው። ማንጋውን በኋላ በስልክ ስናገኘው ደግሞ ቁርአን ቤት የተማሩት ልጆች ቀደሙን፣ ምክንያቱም ማንጋ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው።

የመብራቱ ጥያቄም እንዲሁ። አንድ ክፍል መሃሉ ላይ መብራት ይጠፋል፣ መጨረሻውን ሳናይ እንቀራለን፣ ነገ ትምህርት ቤት ላይ አንዱ ጨርሶ ይነግረናል፤ ከራሱ ፈጥሮ ነው ግን እኛ አናውቅም። የአንዱን ፍልሚያ መጨረሻ ሦስት ሰው ለየቅል ነገረን። ሦስቱንም ቅዱ። አታርሙ። እውነተኛውን በኋላ ከማንጋው ማየት ይቻላል፣ ያ የልጅነት ፈጠራ ግን ሌላ የትም አይገኝም።

ቦታ ጠይቁ። የእኛ ሜዳ ደቻቱ ወንዝ ነበር፣ ውሃ በሌለበት ጊዜ አሸዋው ላይ። ሁለት እጅ ወደ ጎን ሰብስበን "ካሜ...ሃሜ...ሃ!" እንላለን፣ የተመታው አሸዋው ላይ ይወድቃል። የዚህ የጎኩ ምት ስም የሃዋይ ንጉሥ ስም ነው፤ ለቶሪያማ ሐሳቡን የሰጠችው ሚስቱ ናት። ጎኩ የሚዋጋበት ድንጋያማ በረሃ ደግሞ ከከተማ ወጣ ሲሉ የሚታየው የራሳችን አገር ይመስለን ነበር። ሰውዬው ከተማ መሳል ስለሚያደክመው ነበር ፍልሚያውን ባዶ ሜዳ ላይ የሚያደርገው፣ ለእኛ ግን ሰፈራችንን የሳለልን ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ደቻቱ ከተነሳ የ1998ቱ ጎርፍ ይነሳል። ከእናንተ ጋር ካየው ልጅ ውስጥ ያ ሌሊት የወሰደው ሊኖር ይችላል፣ ቤተሰቡን ያጣም አጠገባችሁ ተቀምጦ ይሆናል። እናንተ ጥያቄ አድርጋችሁ አታንሱት። ራሱ ካነሳው ግን ወሬ አትቀይሩበት። መቅጃውን እንዝጋ ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ ከዚያ ስሙት።

ዕቃ ያለው ይዞ ይምጣ። የድሮ ሲዲ፣ ስቲከር፣ የተሳለበት ደብተር። ጎኩ ባለ አራት ኮከቡን ኳስ የሚይዘው የአያቱ ማስታወሻ ስለሆነ ነው፣ ታሪኩ ሲጀምር ለእሱ ኳሷ አያቱ ናት። ሰውም ለዕቃው ያለው ስሜት እንደዚያ ነው። ስለዚህ "ለእኛ ተወው" አትበሉ፣ ፎቶ አንስታችሁ መልሱለት። በማግስቱ በቀን ብርሃን ብታነሱት ይሻላል።

ስለ ሰውዬው አምስት ደቂቃ ማንበብ ይበቃል። በጃፓን አይቺ አውራጃ በኛ 1947 ዓ.ም. ተወለደ። ማንጋ ከመጀመሩ በፊት ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። ድራጎን ቦልን ሹነን ጃምፕ በሚባለው ሳምንታዊ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1995 አወጣ፤ 519 ምዕራፍ፣ በመጽሐፍ 42 ቅጽ። መነሻው ወደ ምዕራብ ስለሚጓዘው የዝንጀሮ ንጉሥ የሚተርከው የቻይና ጥንታዊ ታሪክ ነው፣ ጭራውም ደመናውም ከዚያ ነው። እትዬን ያስደሰታቸው ግን የጎኩ አያት ስም፣ ጎሃን፣ ማለት በጃፓንኛ የበሰለ ሩዝ ማለት መሆኑ ነው።

አሁን ቀረጻው። ድሬ ላይ ትልቁ ጠላት ቬንትሌተር ነው። የመጀመሪያው ዓመት ድምፅ ሙሉ በሙሉ ተበላሽቶብናል፣ ከሰው ድምፅ ይልቅ የሚሰማው የክንፉ ጩኸት ነው። ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ስልኩን መሃል ላይ የታጠፈ ጨርቅ ላይ አድርጉት፣ እንዳይደወልበት ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ከሻይ ብርጭቆ አርቁት። ሳትተኙ በዚያው ሌሊት ሌላ ስልክ ላይ ገልብጡት።

ስትጽፉት ንግግሩን አታሳምሩ። ሰውዬው "አቦ" ካለ አቦ ይጻፍ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ከቀላቀለም እንዳለ ተዉት። ሰፈሩንና ዓመቱን ከላይ አስፍሩ። ከማጋራታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ለባለቤቱ አንብቡለት፣ ይውጣ ያለው ይውጣ።

የእኛ ሁለተኛ ዓመት ሲያልቅ፣ ስልኩን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ፣ እትዬ "ቆይ" አሉኝ። "ያ ባለ ጭራው ልጅ አያቱን አገኘ? መብራት ጠፍቶ ሳላይ ቀረሁ።" ለካ እሳቸውም ያዩ ነበር፣ እኛ ቡና እየቆሉ ነው የሚመስለን። አዎ አገኛቸው አልናቸው። አያትየው ለአንድ ቀን ብቻ ተፈቅዶላቸው ከወዲያኛው ዓለም መጡ፣ ጭምብል አድርገው ገጠሙት፣ ማን መሆናቸውን ሲያውቅ ዘሎ አቀፋቸው። እትዬ ነጠላቸውን ሰብስበው ትንሽ ዝም አሉና "ጎሽ" አሉ። ቅጂውን መጀመሪያ የወሰድነው ለእሳቸው ነው።