ሰፈራችሁን በኦፕንስትሪትማፕ ላይ እንዴት ትስላላችሁ?

ኦፕንስትሪትማፕ የካርታ ዊኪፒዲያ በሉት። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር ተጀመረ፤ የተመዘገበ ሁሉ ያርመዋል፣ የፈለገ ሁሉ በነጻ ይጠቀምበታል። ጎጃም ላይ ደብረ ማርቆስን፣ ቡሬን፣ ሞጣን ወይም ደጀንን ብትፈልጉ ታገኛላችሁ። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል ግን የጎጡ ስም፣ ምንጩና የእግር መንገዱ እየሳሳ ይሄዳል። ሳተላይቱ ጣሪያውን ያያል እንጂ ስሙን አያውቅም፤ ስሙን የሚያውቀው ያገሩ ሰው ነው።

መጀመሪያ በኢሜይል ተመዝገቡ። ከዚያ ካርታው ላይ የማረሚያውን ቁልፍ ስትጫኑ አይዲ የሚባለው መሳያ ይከፈታል። በስልክም ይሞከራል፣ ግን ማውስ ያለው ኮምፒውተር ዓይንም እጅም ያሳርፋል። መሳያው መጀመሪያ የሚያቀርብላችሁን ልምምድ አትዝለሉት፤ እዚያ ላይ የምታበላሹት ነገር ወደ እውነተኛው ካርታ አይሄድም።

ለመጀመሪያ ቀን አንድ ጎጥ ይበቃል፤ ያደጋችሁበት ቢሆን ይመረጣል። ጣሪያዎቹ ለየብቻ እስኪታዩ አቅርቡት። ከሌላ ካርታ፣ ለምሳሌ ከጉግል ካርታ፣ ስምም ሆነ መስመር መገልበጥ ክልክል ነው፤ የቅጂ መብት ስላለበት ሥራችሁ ተመልሶ ይሰረዛል። ከአይዲ ጀርባ የሚታየውን የሳተላይት ምስል ተከትሎ መሳል ግን ተፈቅዷል።

ቤት ለመሳል 3 ቁጥርን ተጫኑና ጣሪያውን ዙሩት። ጎጆ ቤት ከሆነ ዙሪያውን አራት ነጥብ አድርጉ፣ መስመሩን ዝጉና የእንግሊዝኛውን ኦ ፊደል ተጫኑ፤ ድፍን ክብ ይሆናል። ባለ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤት ከሆነ ኪው ፊደል ማዕዘኑን ያቀናል። ቆርቆሮ በምስሉ ላይ ስለሚያንጸባርቅ አያስቸግርም። የሚያሳስተው ክምር ነው። ምስሉ ከአጨዳ በኋላ የተነሳ ከሆነ የጤፍና የስንዴ ክምር ከላይ ሲታይ ቁርጥ ጎጆ ነው፦ ክብ፣ ጥላ ያለው፣ መሐሉ ሾጠጥ ያለ። መለያው አካባቢው ነው። ክምር ከአውድማ ዳር ይቆማል፤ ሰው የሚኖርበት ጎጆ ግን አጥር፣ ጓሮና ወደ በሩ የሚሄድ የእግር ዱካ አለው። ካጠራጠራችሁ አትሳሉት።

ቤተ ክርስቲያን ለማግኘት ቀላል ነው፤ በእርሻው መሐል ጥቁር አረንጓዴ ደን፣ ከደኑ መሐል የሚያበራ ጣሪያ። ደኑንና ሕንጻውን ለየብቻ ሳሉ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ለሕንጻው እንጂ ለደኑ አትስጡ።

ለመንገድና ለወንዝ 2 ቁጥር ነው። መንገድ ከመንገድ ሲገናኝ የሁለቱ መስመር አንድ ነጥብ መጋራት አለበት። በዓይን የተገናኘ መስሎ ሳይያያዝ የቀረ መንገድ፣ አቅጣጫ ለሚጠቁመው አፕ እንደ ተቆረጠ መንገድ ነው፤ መኪናውን በሌላ ዞሮ ይወስደዋል። ወንዝን ደግሞ ከላይ ወደ ታች፣ ውኃው በሚፈስበት አቅጣጫ ሳሉት። በበጋ የደረቀ ወንዝ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ መንገድ ይመስላል፤ እርከንም እንደዚያው። መራዊ አካባቢ የቆጋ መስኖ ቦዮችም ቀጥ ብለው ስለሚሄዱ እንደዚሁ ያሳስታሉ።

የመንገዱን ዓይነት ስትመርጡ ሰው በምን ይሄድበታል ብላችሁ ጀምሩ። ክረምት ከበጋ የሚያስኬደውን ጠጠር መንገድና ሐምሌ ላይ ጭቃ የሚውጠውን ንጣፋቸውን ሳትለዩ ካስገባችሁ፣ ካርታውን ያመነ አምቡላንስ እዚያው ይቀራል። ሁለት ቀበሌ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ‘አንክላሲፋይድ’ ይባላል፤ ‘ትራክ’ ወደ እርሻና ደን የሚገባው ነው፤ ለእግርና ለበቅሎ ‘ፓዝ’ አለ። ንጣፉን ስትመርጡ ደግሞ ከተማ ውስጥ ያለው የእኛ ኮብልስቶን በካርታው ቋንቋ ‘ሴት’ ነው (ስሙ ያስቃል፣ ግን በእንግሊዝኛ ለንጣፍ የተጠረበ ድንጋይ ማለት ነው)።

ስም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ታፔላው ላይ ‘ደ/ማርቆስ’፣ ‘ቅ/ጊዮርጊስ’፣ ‘ት/ቤት’ ቢልም ካርታው ላይ አታሳጥሩ፤ ደብረ ማርቆስ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ትምህርት ቤት ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። በዋናው ሳጥን አማርኛው፣ በእንግሊዝኛው ሳጥን የላቲን አጻጻፉ ይገባል። ሰው በሌላ ስም የሚጠራው ከሆነ ወይም ሰዉ በጸሎቱ ጸና በፀሐዩ ፀ ከተከፋፈለ፣ ሁለተኛውን በሌላ ስም ሳጥን አስቀምጡት። የቀበሌ ስምና የጎጥ ስምም አንድ አይደለም፤ ቤቶቹ መሐል የሚቀመጠው የጎጡ ነው። የሰው ስም በመኖሪያ ቤት ላይ አይጻፍም።

በየሃያው በየሠላሳው ቤት አስቀምጡ፤ ኔትወርክ ወይም መብራት ከሄደ ድካሙ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስታስቀምጡ ምን እንደሠራችሁ የሚጠይቅ ሳጥን ይመጣል። ‘አረምኩ’ ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅም፤ ‘ከመራዊ በስተ ምሥራቅ ጎጆ ቤቶችና የእግር መንገድ፣ ከሳተላይት ምስል’ በሉ። ለውጡ በድረ ገጹ ካርታ ላይ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ይታያል፤ እንደ ኦስማንድ ባሉ ያለ ኢንተርኔት በሚሠሩ አፖች ላይ ግን ሳምንታት ይወስዳል።

ቀሪው በእግር የሚሠራው ነው። ለአንድሮይድ ስልክ ስትሪትኮምፕሊት የሚባል አፕ አለ፤ ቤት ሳላችሁ በዋይፋይ አካባቢውን አውርዱ፣ መንገድ ላይ ያለ ዳታ ጥያቄዎቹን መልሱ፣ ስትመለሱ ላኩት። ገጠር ስትወጡ ስልክ ወድሮ የሚዞር እንግዳ ስለሚያስጠረጥር አስቀድማችሁ ለአካባቢው ሽማግሌ ወይም ለቀበሌው ተናገሩ፤ ወታደራዊ ቦታ አጠገብ ስልኩን ኪስ ክተቱ። የቦታ ስም ሁለት ሰው ለየብቻ ጠይቁ። የስልክ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ እስከ አምስት ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል፤ በደን ውስጥና በዓባይ በረሃ ገደል ሥር ስህተቱ ይብሳል። ስለዚህ ምንጩን ስትመዘግቡ ነጥቡ ወንዙ ማዶ ላይ ከወደቀ ስልኩን ሳይሆን ዓይናችሁን እመኑና በእጅ አስተካክሉት።