ጅማን በጥቂት ብር ለመዞር፦ ከሐሙስ ጀምሩ

ጅማ ላይ ኪስ የሚያራቁተው ኮንትራት መኪና ነው። አልጋውም ምግቡም ይቻላል። ችግሩ የሚታዩት ቦታዎች በየአቅጣጫው መበታተናቸው ነው፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ተራራ ላይ፣ ጉማሬው ቦዬ ረግረግ፣ ደኑ በቦንጋ መንገድ፣ ቡና ተገኘበት የሚባለው ጮጬ ደግሞ በአጋሮ በኩል። ሁሉንም በአንድ ቀን ላካልል ያለ ሰው መኪና ከነሾፌሩ ይይዛል፤ ማታ ሲያሰላው የሦስት ቀን አልጋና ምግብ በነዳጅ ሄዶበታል። ብር ማዳን የፈለገ የመስመር መኪና ራሱ ወደዚያ የሚሄድበትን ቀን ይጠብቅ። የገጠር መስመር መኪና የሚበዛው በገበያ ቀን ስለሆነ መጀመሪያ የገበያውን ቀን ጠይቁ፣ ቦታውን ቀጥላችሁ ምረጡ።

የጅማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው። ረቡዕ ገብታችሁ እሑድ ብትመለሱ ይበቃል።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ ከዚያ ወጥቶ በሰኮሩና በአሰንዳቦ ይገባል። መንገድ ካልተዘጋጋ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። ትኬት ከአንድ ቀን በፊት ቁረጡ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሚነሳውንም ምረጡ። አርፍዶ የተነሳ መኪና ሲመሽ ነው የሚያደርሳችሁ፤ ያን ሰዓት የባጃጅ ዋጋ ይጨምራል፣ ርካሹ አልጋ አልቋል፣ አማርጦ ለመያዝም ጉልበት የለም። መታወቂያ በእጅ ይሁን፤ ኬላ ላይ ሁሉም ወርዶ ሲፈተሽ ሻንጣ ውስጥ የቀረ መታወቂያ መኪናውን ሙሉ ያስቆማል። ከአዲስ አበባ ውጭ ወደ ገጠር ከመውጣታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ጠይቁ፤ ሾፌሮች ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።

አልጋ ስትይዙ ሦስት ነገር ከመክፈል በፊት እዩ። አንደኛ ቧንቧውን ክፈቱ፤ «ውሃ አለ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «ማታ ይመጣል» ማለት ነው። ሁለተኛ መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ከዞረ ሌሊቱን ከከባድ መኪና ጋር ነው የምታነጉት፤ የጓሮ ክፍል ጠይቁ። ሦስተኛ አጎበሩን ዘርግታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ብትሆንም ወባ አታውቅም ማለት አይደለም፤ ወደ ጎጀብና ወደ ጊቤ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ይብሳል። የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ሰሞን ከሆነ አስቀድማችሁ ካልደወላችሁ አልጋ አታገኙም።

ከተማ ውስጥ የምትንቀሳቀሱት በባጃጅ ነው፤ ሒሳቡን ያወቀ አይጭበረበርም። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይይዛል። የአንድ ሰው ታሪፍ ስንት እንደሆነ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ጠይቁ፤ ሾፌሩን አትጠይቁ። ኮንትራት ማለት ሦስቱንም ወንበር መግዛት ስለሆነ ፍትሐዊው ዋጋ የታሪፉ ሦስት እጥፍ ነው። መድረሻችሁ ተሳፋሪ የማይገኝበት ከሆነ ባዶውን ስለሚመለስ ስድስት እጥፍ ቢጠይቅም አልበደላችሁም። ከዚያ በላይ የጠራው ሻንጣችሁን አይቶ ነው። ነዳጅ የጠፋ ሰሞን ግን ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም፤ ማደያው ላይ ረጅም ሰልፍ ካያችሁ ቅርብ ቅርቡን በእግር ሂዱ።

ሐሙስ ጠዋት ሄርማታ መርካቶ ግቡ። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣው ሰው ደርሶ ገበያው የሚሞላው ከ3 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከሰዓት ዝናብ ከጣለ ግን ሁሉም በአንዴ ይበተናል። ምንም ባትገዙ እንኳ ማየቱ ብቻ ይበቃል፤ ከገዛችሁ ግን ሦስት ዕቃ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ።

የመጀመሪያው የጅማ በርጩማ ነው፤ ያለ ሚስማርና ያለ ማጣበቂያ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግሩ። ሻጩ ሁልጊዜ መቀመጫውን ቀብቶና አብርቶ ያሳያል፤ እናንተ ገልብጡት። እግሮቹ ከመቀመጫው የሚነሱበትን ቦታ በጣታችሁ ዳብሱ፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለ ሊከፈት ነው። ቀጥሎ መዝኑት። ከመጠኑ በላይ የከበደና ስትነኩት የሚቀዘቅዝ ከሆነ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው። የጅማ አየር እርጥበት ስላለው እዚህ ደኅና ይቆያል፤ ደረቅ አገር ወስዳችሁ ሳሎን ስታስቀምጡት ግን አንድ ሌሊት «ጧ» ይላል። በሰም ወይም በቀለም የተደፈነ ስንጥቅም አለ፤ ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ስታዩት ደፈናው ከእንጨቱ መስመር ጋር አይሄድም። የዋንዛ እንጨት ደርቆ ከተሠራ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሁለተኛው ማር ነው። የረጋ ማር ስኳር የተቀላቀለበት ነው የሚለውን ተዉት፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ይልቅ ላዩ ላይ አረፋ መኖሩንና መጎምዘዙን ተመልከቱ። የደን ማር ውሃ ሲበዛበት መፍላት ይጀምራል፤ ለጠጅ ካልሆነ አትግዙት።

ሦስተኛው ቡና፦ ፍሬውን በጥርስ ንከሱት፤ ጥርስ ምልክት ካወጣበት አልደረቀም፣ ቤት ሳይደርስ ይሻግታል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ800 እስከ 850 ግራም ስለሚሆን የተቆላውን ዋጋ ስታወዳድሩ ይህን አስቡ። ለቤት የሚሆን ጥቂት ኪሎ ያዙ፤ በጆንያ የሚጓዝ ቡና ኬላ ላይ ጥያቄ ያስነሳል።

ከሰዓት የጅማ ሙዚየም ግቡ፣ ጅሬንን ከማየታችሁ በፊት። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው፤ አባ ጅፋር የሚለው ስም የፈረስ ስማቸው ነው። ሲገለገሉባቸው የነበሩ ዕቃዎች ያሉት እዚህ ሙዚየም ውስጥ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱን ያየ ሰው ባዶ ክፍል አይቶ ቅር ይለዋል። ሙዚየሙን አስቀድሞ ያየ ግን ክፍሎቹን በዓይነ ኅሊናው ይሞላቸዋል። እግረ መንገዳችሁን ጅሬን ክፍት መሆኑን እዚያው ጠይቁ፤ የእንጨት ሕንፃ እድሳት አያጣውም፣ ተዘግቶ ከሆነ የባጃጁን ብር አዳናችሁ። መሸት ሲል ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ብትዘዋወሩ የጣሊያን ዘመን ቤቶች በነፃ ይታያሉ።

ጅሬን ዓርብ በጠዋት ይሁን። ከከተማው መሐል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓርብ የምሳ ዕረፍት ረጅም ነው፤ አካባቢው የጁምዓ ሶላት ስለሚሰግድ ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ የደረሰ ሰው በር ላይ ቁጭ ይላል። ስትወጡ በባጃጅ፣ ስትወርዱ በእግር ሂዱ፤ ግማሽ ዋጋ ነው፣ ከተማዋ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግታ የምትታየውም ስትወርዱ ነው። ሰገነቱ ላይ ስትወጡ ወለሉ የድሮ ሳንቃ መሆኑን አስታውሱ፤ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስባችሁ ፎቶ አትነሡ። አጠገቡ ያለው መስጊድ የሚሰገድበት ስለሆነ ጫማና አለባበስ ይታሰብበት። በክረምት ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ነው፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ አድርጎ መውረድ መቀመጫን ያስከፍላል።

ዓርብ ምሽት አካባቢ ቦዬ። በአዲስ አበባ መስመር ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ረግረግና ኩሬ ነው፤ ወፍ ለማየት 11 ሰዓት ግድም ጥሩ ነው፣ ዕድል ካላችሁ ጉማሬም ይታያል። ጉማሬ በቀን ውሃ ውስጥ ስለሚውል ሞኝ መስሎ ይታያል። ሲመሽ ግን ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ወደ ውሃው የሚመለስበት መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሊገድል ይችላል። የተረገጠ ሣር ያለበት መተላለፊያ ላይ አትቁሙ፣ ሳይጨልምም ውጡ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች የት እንዳለ ያውቃሉ፤ እነሱን ጠይቁ።

ቅዳሜ ደን ነው። በቦንጋ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ሰቃ አለች፤ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ፏፏቴ አለ። በዚያው መንገድ ወደ ሸቤ ስትቀጥሉ የበለጠ ደን ትገባላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያው ውስጥ ተራ አስከባሪዎቹን «የሰቃ ገበያ መቼ ነው? የሸቤስ?» በሏቸው። ገበያው በዋለበት ቀን መኪና ሞልቶ ወዲያው ይነሳል፣ ከሰዓትም የሚመልሳችሁ አታጡም። ባልዋለበት ቀን ደግሞ ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ትቀመጣላችሁ፣ 10 ሰዓት ካለፈ መመለሻ ላይኖር ይችላል።

ደን ውስጥ ከአካባቢው ሰው ውጭ አትግቡ። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት፣ ስንት ሰዓት እንደምትሄዱም ጨምራችሁ ተስማሙ፤ «እንተዋወቃለን» የሚባል ክፍያ መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው። ጠዋት ከገባችሁ ጉሬዛው ፀሐይ ለመሞቅ ከዛፍ ጫፍ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ከዋንዛ፣ ከብርብራና ከሰሳ ሥር የበቀለው ቡና አጥር ስለሌለው ባለቤት የሌለው እንዳይመስላችሁ፤ እያንዳንዱ ግንድ የማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ፍሬ ሳታስፈቅዱ አትቁረጡ። የሱሪያችሁን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ለምን እንደሆነ ጉንዳን የረገጣችሁ ዕለት ይገባችኋል።

ደኑን ትተው ጮጬን የሚመርጡ በአጋሮ በኩል ይሄዳሉ፤ አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጮጬዎች ቡና የተገኘው እኛ ዘንድ ነው ይላሉ፤ ከፋዎችም እንዲሁ። የቀረበላችሁን ቡና ጠጡና ክርክሩን ለባለቤቶቹ ተዉላቸው። ሁለት ቀን ትርፍ ያለው ሰው ቦንጋ ድረስ ይዝለቅ፤ የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቅ ነው፤ ቡና ለቀማውን ማየት የፈለገ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይምጣ። አበባው በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከሳምንት በኋላ ይፈነዳል፣ የሚቆየውም ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ ሊታቀድ ስለማይችል ካጋጠማችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ከባድ ነው፤ መንገዱ ሲበላሽ የመስመር መኪና ይቀንሳል፣ ርካሽ ጉዞ ውድ ይሆናል።

ምግብ ላይ ብዙ አትጨነቁ። በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያሉት ምግብ ቤቶች ለተማሪ ኪስ የተሠሩ ናቸው። በረመዳን ግን ብዙ ቤቶች እስከ ማፍጠሪያ ስለሚዘጉ ቀን የሚበላ ዳቦና ሙዝ ማታውኑ ግዙ። ቴሌብር ከተማ ውስጥ ይሠራል፤ ገበያና ገጠር ላይ ግን ዝርዝር ብር ያስፈልጋል፣ ለሁለት ሙዝ ባለ 200 ብር መዞ መልስ የሚጠብቅ ሰው ገበያውን ያቆማል።

እሑድ ስትመለሱ ማሩን ከሻንጣ ሥር አትክተቱት። ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉ፤ ሦስት ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ተዉ፣ ክዳኑ ሥር ላስቲክ አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም እግራችሁ መሐል አስቀምጡት። ጊቤ በረሃ ስትደርሱ ሙቀቱ ማሩን ያቀጥነዋል፣ አየሩንም ያሳብጠዋል፤ መኪና ጣሪያ ላይ የተጫነ ሙሉ ጀሪካን ወልቂጤ ሲደርስ ግማሹ የጎረቤት ሻንጣ ላይ ነው።